የግራፊክስ ድራይቨር የሜሞሪ ማስመለሻ ፋንክሽኖች ማብራሪያ ምን ይያዝ?

ሰላም መምህር። ተማሪዎችዎ በሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ላይ የመጀመሪያ ሥራቸው እንዲሆናቸው፣ አይ915 በሚባለው የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር ውስጥ ሜሞሪ ለሚያስመልሱት ፋንክሽኖች ማብራሪያ መጻፍ እንደጀመሩ ገልጸው፣ ኮዱ ራሱ የሚናገረውን ከመድገም ውጪ ምን ሊጨምሩ እንደሚችሉ ጠይቀዋል። እዚሁ ጎንደር የጀማሪዎችን ፓች (ለከርነሉ የሚላክ የኮድ ለውጥ) ከመላኩ በፊት አብሬ ሳነብ ካየሁት ተነሥቼ የምመልሰው፣ ከሁሉ በፊት ፋንክሽኑ የማይሰጠውን ዋስትና ይጻፉ ብዬ ነው። ፋንክሽኑ የሚሠራውን ከኮዱ አንብቦ መረዳት ይቻላል፤ ጠሪው ሊተማመንበት የማይገባውን ግን ከኮዱ መስመሮች ማውጣት ለለመደ ሰው እንኳ አስቸጋሪ ነው።

ጉዳዩ ለተማሪዎቹ ሩቅ አይደለም። በብዛት የሚሠሩባቸው ላፕቶፖች ግራፊክሳቸው ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ ድራይቨሩ የሚይዛቸው ቡፈሮች (የግራፊክስ ውሂብ የሚያርፍባቸው የሜሞሪ ክፍሎች) የሚቀመጡት ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ በሚጋሩት ዋና ሜሞሪ ላይ ነው። ሜሞሪ ሲጠብ ከርነሉ ድራይቨሩ ባስመዘገበው ሽሪንከር (ሜሞሪ አስለቃቂ ኮድ) በኩል ገጾች፣ ማለትም ሜሞሪ የሚከፋፈልባቸው ቁራጮች፣ እንዲለቀቁለት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው የከርነሉ ቅጂ 3.12 ጀምሮ ይህ ሥራ ለሁለት ፋንክሽኖች ተከፍሏል፤ አንደኛው ሊለቀቅ የሚችለውን ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ያስለቅቃል። ስለ ቆጣሪው የሚመልሰው ግምት መሆኑን የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ጌም ሽሪንክ የተባለው ዋናው ፋንክሽን ነው። የሚፈለገውን የገጽ ብዛትና የትኞቹ ቡፈሮች እንደሚታዩ የሚወስኑ ፍላጎችን (የምርጫ ምልክቶችን) ተቀብሎ፣ የለቀቃቸውን ገጾች ቁጥር ይመልሳል። አብሬው የሠራሁ አንድ ወጣት ይህን ቁጥር የነጻ ሜሞሪ መጠን አድርጎ በመውሰድ ወዲያው ያንኑ ያህል ሜሞሪ የሚጠይቅ ኮድ ጽፎ ነበር፤ ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ጥያቄው ይከሽፍ ነበር። ቡፈሩ የለቀቀውን ገጽ አንድ ፕሮግራም በራሱ የአድራሻ ክልል ገና ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ወይም የከርነሉ የሜሞሪ ክፍል ገጹን ቀድሞ ለሌላ ሰጥቶታል። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ አንድ እንግዳ የሆቴል ክፍል ለቀቀ ማለት ክፍሉ ለእኛ ደረሰን ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ የተለቀቀ ገጽም ለጠያቂው የተጠበቀ አይደለም። ስለዚህ ማብራሪያው «የለቀቃቸውን ገጾች ቁጥር ይመልሳል» ብሎ ቢያበቃ ቃሉ እውነት ሆኖ ሳለ አንባቢውን ያሳስተዋል፤ ቁጥሩ ነጻ ሜሞሪ መገኘቱን እንደማያረጋግጥ ምክንያቱ ተጠቅሶ ሊጻፍ ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚዘለሉት ቡፈሮች ይምጡ። በማናቸውም መንገድ ፒን የተደረገ (እንዳይነሣ በቦታው የታሰረ) ቡፈር፣ ፒኑ በአድራሻው ላይም ይሁን በገጾቹ ላይ፣ ሽሪንከሩ ያልፈዋል። ይህ ካልተጻፈ ብዙ ሜሞሪ እየታየ ጥቂት ብቻ የተለቀቀበትን ምክንያት ፈላጊው በከንቱ ይደክማል።

የሎክ (አንድን ውሂብ በአንድ ጊዜ አንድ ኮድ ብቻ እንዲነካው የሚያደርግ ቁልፍ) ነገር በእኔ ግምት ከሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለው ነው። ድራይቨሩ አንድ ሎክ ይዞ ሜሞሪ ሲጠይቅ ጥያቄው ራሱ ማስመለስን ሊቀሰቅስ፣ ማስመለሱም ተመልሶ ወደዚያው ድራይቨር ሽሪንከር ሊገባ ይችላል፤ ሽሪንከሩ ያንኑ ሎክ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ዴድሎክ (ማብቂያ የሌለው መጠባበቅ) ይፈጠራል። ሎኩን ሞክሮ ካላገኘው የሚያልፍ ኮድ በብዛት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪዎቹ ከርነል ዶክ በተባለው የከርነሉ የማብራሪያ አጻጻፍ ውስጥ ኮንቴክስት ለተባለው ክፍል ተገቢውን ቦታ ሰጥተው፣ ፋንክሽኑ የትኛው ሎክ ተይዞ ሊጠራ እንደማይችል፣ የትኛውን ሎክ ራሱ እንደሚይዝ፣ መተኛት (ሥራውን አቋርጦ መጠበቅ) ይችል እንደሆነም በግልጽ ይጻፉ።

ጌም ሽሪንክ ኦል የተባለው ወንድሙ አስቀድሞ ግራፊክሱ የጀመራቸውን ሥራዎች እስኪጨርስ ጠብቆ ያለውን ሁሉ ለማስለቀቅ ይሞክራል። የዚህኛው ማብራሪያ ማጠር የለበትም፤ ግራፊክሱን ሆን ብሎ ለማስቆም ወይም ሜሞሪ ያለቀ ሲመስል በመጨረሻ አማራጭነት ብቻ የሚጠራ መሆኑን ካልነገርነው፣ ጀማሪ ሰው ከስሙ ተነሥቶ ጠንከር ያለውን መምረጥ ይሻላል ብሎ በተለመደው መንገድ ላይ ያስገባዋል። የሁለቱም ማብራሪያዎች እርስ በርስ ይጠቃቀሱ።

ስለ አጻጻፉ ቅርጽ ብዙ አልልም። ከርነሉ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስፊንክስ የተባለውን የሰነድ ማዘጋጃ ስለሚጠቀም፣ ማብራሪያው ከፋንክሽኑ በላይ ተጽፎ በግራፊክስ ሰነዱ ውስጥ እንዲካተት ይደረጋል፤ የጎደለ የፓራሜትር (ፋንክሽኑ የሚቀበለው ግቤት) ስም ካለ የግንባታው ማስጠንቀቂያ ይናገራል።

ተማሪዎቹ ግን የጻፉትን በዓይናቸው እንዲያዩት ለሙከራ በተለየ ላፕቶፕ ላይ፣ ድሮፕ ካሽስ በተባለው የፕሮክ (ከርነሉ ራሱን በፋይል መልክ የሚያሳይበት ማውጫ) ፋይል ላይ 2 ይጻፉ፤ ይህ የተመዘገቡትን ሽሪንከሮች ያስጠራል። ከዚያ በፊትና በኋላ የድራይቨሩን የቡፈር ዝርዝር ዲበግ ኤፍኤስ ከተባለው የከርነሉ የመመርመሪያ ማውጫ አንብበው ያወዳድሩ። በዚህ መንገድ ሲጠራ ሽሪንከሩ ግራፊክሱ እየሠራባቸው ያሉት ቡፈሮች ሥራቸው እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ እነርሱን የሚደፍረው ኬስዋፕዲ የተባለው፣ ሜሞሪ ሲጠብ ከበስተጀርባ የሚያስመልስ የከርነሉ ክፍል ሲጠራው ስለሆነ፣ የሁለቱን ጥሪዎች ልዩነት ከማብራሪያው እንዳይተዉት አደራ።