ያገለገለ አይፎን 11 ወይስ አዲስ ጋላክሲ ኤ16?

አዲሱን ጋላክሲ ኤ16 ግዛ። ጠዋት ወጥተህ ማታ እንደምትገባ፣ የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን ሲም ካርድ አብረህ እንደምትይዝ ጽፈሃል፤ ለእንዲህ ያለ ውሎ ከሁሉ የሚቀድመው ባትሪ ነው። የኤ16 ባትሪ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። የአይፎን 11 ግን 3110 ነው፤ ያውም አዲስ ሳለ። ሰው እጅ ላይ ዓመታት የቆየው ከዚያም ያንሳል። ደግሞም አብዛኛው አይፎን 11 የሚቀበለው አንድ ሲም ካርድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው መስመር የግድ ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) መሆን አለበት።

በቪዲዮ ጥራት አይፎኑ ይበልጣል። እንጀራህ ቪዲዮ መቅረጽ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር።

ልብህ ወደ አይፎኑ ካደላ ግን፣ ብር ከመክፈልህ በፊት፦

1. ሻጩ የራሱን የአፕል መለያ (አካውንት) ከስልኩ ያውጣ።
2. ዓይንህ እያየ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰርዞ እንደ አዲስ ያስጀምረው።
3. የባትሪውን ጤንነት ከቅንብሮች ውስጥ ተመልከት፤ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ተወው።

ለታናሽ እህቴ ስገዛ የመጀመሪያውን ችላ ብዬ ነበር። ስልኩን እንደ አዲስ ስናስጀምረው የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ጠየቀን፤ ሻጩን ብንደውልለት አያነሳም። ያ ገንዘብ ዛሬም ያንገበግበኛል።