ባትሪዎ አልሞተም፤ በርዶታል

ጥያቄ፦ ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ባትሪው 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሞቃቱ ጊዜ አንዴ ከሞላሁት 320 ኪሎሜትር ያህል ያስኬደኝ ነበር፤ ብርዱ ከገባ ወዲህ ግን 160 ላይ ያልቃል። ከቤት እስከ ሥራ ቦታዬ 9 ኪሎሜትር ነው፤ መንገዱ ስለሚጨናነቅ 25 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ማሞቂያውን አጥፍቼ በካፖርት ልንዳ ብል መስታወቱ በጉም ተሸፍኖ አላሳይ አለኝ። ፈጣን ቻርጀር ላይ ስሰካውም እንደ ቀድሞው ቶሎ አይሞላም። ባትሪው ሞቶ ይሆን? ወይስ ሻጩ አታሎኝ ነው?

መልስ፦ ሻጩን ለጊዜው ይተዉት። በብርድ ወራት ወደ ጋራዤ የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች አብዛኞቹ ይህንኑ ቅሬታ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ባትሪው ሲመረመር ግን ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል።

የነዳጅ መኪና ከሚያቃጥለው ነዳጅ ከግማሽ በላይ የሆነውን ኃይል በሙቀት መልክ ያባክነዋል። ተሳፋሪው የሚሞቀው በዚያ ብክነት ስለሆነ ማሞቂያው በነጻ የሚሠራ ይመስለን ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ከሚቀበለው ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ወደ እንቅስቃሴ ስለሚለውጠው የሚተርፈው ሙቀት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ እርስዎን የሚያሞቀው ሁሉ ከባትሪው ይቀዳል።

እስቲ የእርስዎን መንገድ እናስላው። በሞቃቱ ጊዜ በነገሩኝ ቁጥር ከሄድን መኪናዎ ለ9 ኪሎሜትር 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አሁን በብርድ ያደረ መኪና ሲነሳ ማሞቂያው መጀመሪያ ላይ 5 ወይም 6 ኪሎዋት ይስባል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በአማካይ 3.5 ኪሎዋት ብንለው በ25 ደቂቃ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለመሞቅ ያወጡት ለመሄድ ካወጡት ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። 320 የነበረው 160 የሆነበት ምሥጢር ይኸው ነው። መኪናው እንደሞቀ ሥራ ቦታ ይደርሳሉ፤ ያ ሁሉ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲበርድ ይውላል፤ ማታ እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ይኸው መኪና በሰዓት 90 ኪሎሜትር ረጅም መንገድ ቢሄድ፣ ከሞቀ በኋላ ማሞቂያው 1.5 ኪሎዋት ቢበቃው፣ በኪሎሜትር የሚወስደው 17 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። መኪናውን የሚበላው አጭርና ዘገምተኛ ጉዞ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ መኪናውን ገመዱ ላይ እንዳለ ማሞቅ ነው። በመኪናው ስክሪን ወይም በስልክዎ መተግበሪያ ላይ የመነሻ ሰዓት የሚሞሉበት ቦታ አለ። ጠዋት 1:30 የሚወጡ ከሆነ እሱን ይሙሉ፤ መኪናው ከግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ራሱ ማሞቅ ይጀምራል፤ ኃይሉም ከባትሪው ሳይሆን ከግድግዳው ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ተራ የቤት ሶኬት በ230 ቮልት 10 አምፔር ቢሰጥ 2.3 ኪሎዋት ነው። ማሞቂያው 5 እየጠየቀ ሶኬቱ 2.3 ሲሰጥ ጉድለቱ ከባትሪው ይሞላል። «ተሰክቶ እያለ ለምን ቀነሰ?» ብለው አይደንግጡ። 7 ኪሎዋት የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር ካለዎት ይህ ችግር የለም። በሶኬት ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ ማሞቂያውን ቀደም አድርገው ያስነሱ፤ ሙቀቱንም 19 ላይ ያድርጉት።

በጉዞ ላይ ደግሞ አየሩን ሳይሆን ሰውነትዎን ያሙቁ። የመቀመጫ ማሞቂያ ከ50 እስከ 100 ዋት ቢወስድ ነው፤ የመሪው ማሞቂያም ብዙ አይርቅም። ሁለቱን አብርተው የውስጡን አየር ከ22 ወደ 18 ቢያወርዱት ምቾትዎ እምብዛም አይጓደልም። በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ የሚሰካ ትንሽ ማሞቂያ ግን እንዳይገዙ። ከዚያ ቀዳዳ 120 ዋት ቢያገኙ ነው፤ ያ ደግሞ አንድ ጉልበት እንኳ በቅጡ አያሞቅም።

ማሞቂያውን ጨርሶ ማጥፋትዎን አልወደድኩትም። ቁጠባው መስታወት የሚጋርድ ከሆነ ቁጠባ አይደለም። ጉሙ የሚመጣው ከትንፋሽዎና ከእርጥብ ጫማዎ ነው፤ አየሩ ውስጥ ለውስጥ እንዲዞር የሚያደርገውን ቁልፍ ከተጫኑት ደግሞ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከውጭ አየር የሚያስገባውን ይምረጡ፤ ንፋሱን ወደ መስታወቱ ያዙሩት፤ ኤሲውንም ያብሩ። ኤሲ በብርድ ምን ሊሠራ እንዳይሉ፤ እርጥበቱን መጥጦ የሚያወጣው እሱ ነው። በረዶ ሲጠና ግን በብዙ መኪኖች የኤሲው መጭመቂያ (ኮምፕረሰሩ) ስለማይሠራ ያኔ የሚያድንዎ የውጭ አየርና ሙቀት ነው። የእግር ምንጣፉን በየጊዜው አውጥቶ ማድረቅም ከሚገምቱት በላይ ይረዳል።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ በኃይል ሲሞላ፣ ሊቲየሙ በባትሪው ውስጥ ወዳለው ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት ነው) ዘልቆ መግባት ሲገባው በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፤ ይህ ደግሞ የማይመለስ ጉዳት ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ስለሚያውቅ ባትሪው እስኪሞቅ የሚገባውን ኃይል ይቆነጥራል። ፈጣን ቻርጀሩ የዘገየብዎ ለዚህ ነው። ጠዋት ፔዳሉን ሲለቁ መኪናው እንደ ልማዱ ራሱን የማይዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ሞተሩ መኪናውን የሚይዘው ኃይሉን መልሶ ወደ ባትሪው በመሙላት ነውና፤ የመጀመሪያዎቹን ኪሎሜትሮች እግርዎን ለፍሬን አዘጋጅተው ይንዱ።

ባትሪ ደግሞ ቶሎ የሚሞቅ ነገር አይደለም። 300 ኪሎግራም የሚመዝን ባትሪን ከዜሮ በታች 5 ወደ 20 ዲግሪ ለማድረስ በግምት 2 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ ማሞቂያውን ሳንቆጥር የጠዋት ጉዞዎ ከሚፈልገው ይበልጣል። ስለዚህ ያለውን ሙቀት ይጠቀሙበት። ፈጣን ቻርጀር ጋ የሚሄዱ ከሆነ ከጉዞ መልስ፣ ባትሪው ሳይበርድ ይሂዱ፤ ሌሊቱን አሳድረው ጠዋት አይሰኩት። መኪናዎ ባትሪውን ቀድሞ የማሞቅ ችሎታ ካለው ቻርጀሩን በመኪናው ካርታ ላይ መድረሻ አድርገው ይምረጡት፤ ብዙዎቹ መኪኖች ማሞቅ የሚጀምሩት እንዲህ ሲነገራቸው ብቻ ነው። ቤት ውስጥም ቻርጁ እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ወደ መነሻዎ ሰዓት ተጠግቶ እንዲያልቅ ያድርጉ።

የጎማ ነፋስም ይለኩ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ 0.1 ባር ያህል ይጎድላል።

የመኪናዎን መመሪያ ገልጠው ሂት ፓምፕ ያለው መሆኑንም ይዩ። ተራው ማሞቂያ በ1 ኪሎዋት 1 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል፤ ሂት ፓምፕ ግን ከውጭው አየር ሙቀት ስለሚሰበስብ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ 2 ወይም ከዚያ በላይ ይሰጣል። ብርዱ እየከፋ ሲሄድ ብልጫው ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ አድርገው ለውጥ ካላዩ ብልሽት እንፈልጋለን። ባለፈው የብርድ ወቅት አንድ ደንበኛዬ ማሞቂያውን 28 ላይ አድርጎ እግሩ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። የጓንት ሳጥኑን ፈትቼ የአየር ፊልትሮውን ስስበው እጥፋቶቹ በደረቅ ቅጠልና በአቧራ ተጠቅጥቀው ጥቁር ስሚንቶ መስለዋል። ማሞቂያው ሳይታክት ያሞቃል፤ ሙቀቱ ግን የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም። ፊልትሮው ተቀይሮ 21 በቃው። የእርስዎንም አስቀድመው ይዩት፤ በብዙ መኪኖች ያለ መፍቻ ይወጣል።

ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ብቻ ከመጣ፣ ወይም በአንድ ወገን ሞቅ በሌላው ቀዝቀዝ ካለ፣ ነገሩ ከማሞቂያው፣ ከውሃ ፓምፑ ወይም ከቫልቩ ነው። ያን ጊዜ ኮፈኑን ከፍተው ብርቱካናማ ገመዶቹን እንዳይነኩ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለባቸው እነሱ ናቸው። በኤሌክትሪክ መኪና የሠለጠነ ባለሙያ ጋ ወስደው ማሞቂያው ስንት ኪሎዋት እንደሚስብ በኮምፒውተር አንብቦ እንዲነግርዎ፣ በዚያው ደግሞ የባትሪውን ቀሪ አቅም በመቶኛ አውጥቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ሻጩን መጠርጠር ካለብዎት ያንን ቁጥር ካዩ በኋላ ይድረሱበታል።