«640 ፊርማ ይዘን ወዴት እንሂድ?»

ጥያቄ፦ የምንኖረው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሸካ ዞን ነው። ከቀበሌያችን በላይ ያለው ደን አያቶቻችን ቀፎ የሰቀሉበት፣ እኛም እስከ ዛሬ ማርና ኮረሪማ የምናወጣበት ነባር ደን ነው። ለሻይ ልማት ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ከሰማን ወዲህ ወጣቶች ተሰባስበን ከሦስት ቀበሌ 640 ሰው አስፈርመናል። ወረዳ ስንሄድ አንድ ኃላፊ «ፈቃድ ያለው ማኅበር አይደላችሁም» ብሎ መለሰን። እኛ የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ደን ማንም እንዳይነካው ሕግ እንዲወጣ ነው። ፊርማው ዋጋ አለው? በገበያ ቀን ሰልፍ ብንወጣስ? ውጭ አገር ያለ የአካባቢያችን ልጅ ለእንቅስቃሴው ገንዘብ ልላክ ይላል፤ ብንቀበል ችግር አለው? ደግሞስ ሸካ በዩኔስኮ ስለተመዘገበ ማንም አይነካውም ይባላል።

መልስ፦ ከደብዳቤያችሁ ጋር የላካችሁትን የፊርማ ወረቀት ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ከደብተር የተገነጠለ ባለ መስመር ወረቀት ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌ፣ ፊርማ ተብሎ በአራት ተከፍሏል። በፊርማ ፈንታ አሻራቸውን ያሳረፉም አሉበት። ከላይ በጉልህ «ደናችን ይጠበቅልን!» ይላል፤ ሌላ ነገር የለም። የትኛው ደን? ከየት እስከ የት? ለማን ነው የቀረበው? መቼ? ማን ምን ያድርግ? አትቀየሙኝና፣ ኃላፊው የሰጣችሁ ምክንያት ስህተት ነው፤ ወረቀቱን ቢቀበላችሁም ግን ብዙ አያራምዳችሁም ነበር።

ችግሩ ሕጋችን የደን ዕድሜ አለማወቁ ነው። አገራችን ደንን የምትለካው በስፋት፣ በቁመትና በጥላ ነው፦ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር መሬት፣ ቢያንስ 2 ሜትር የሚደርሱ ዛፎች፣ ቢያንስ 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን። በዚህ መለኪያ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ቀረሮ የቆመበት ጫካና ትናንት የተተከለ የባሕር ዛፍ ማሳ ሁለቱም «ደን» ናቸው። አንድ ጊዜ ሕጉ ዛፎችን በስም እስከ መጥራት ደርሶ ነበር። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ጽድን፣ ዋንዛንና ዝግባን ለይቶ እንዳይቆረጡ ከልክሏል። ያ አዋጅ ተሽሯል። እናንተ «ነባር ደን» ስትሉ ልባችሁ የሚያውቀው ነገር ወረቀት ላይ ወሰንና ስም ካልተሰጠው፣ ቢሮ ውስጥ ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ባዶ መሬት ሊመስለው ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልግባ። ሕግ ማስወጣት ትችላላችሁ? ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤት በቀጥታ የሚያስገቡበት መንገድ በሕገ መንግሥታችን የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት በመሬትና በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ጥበቃ ላይ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ በአንቀጽ 52 ደግሞ በዚያ ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ስለዚህ አዲስ አዋጅ እንዲወጣ መወትወት የዓመታት ሥራ ነው። የመረጣችሁትን የምክር ቤት አባል ይዛችሁ መግፋት ትችላላችሁ፤ አይከፋም። የእናንተ ደን ግን እስከዚያ አይጠብቅም። እኔ የምመክራችሁ በእጃችን ያለውን ሕግ በዚህ በአንድ ደን ላይ እንዲሠራ ማድረግን ነው፤ እሱም የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። አዋጁ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ አራት ዓይነት ባለቤትነት ያውቃል። ክልሉ ደኑን ለይቶ፣ ወሰኑን አካልሎ እንዲመዘግብ መጠየቅ ይቻላል።

እዚህ ላይ ወጥመድ ስላለ ቆም በሉ። ደብዳቤያችሁ «ማንም እንዳይነካው» ይላል። «ማንም» ውስጥ እናንተም አላችሁ። ደኑ የመንግሥት ጥብቅ ደን ሆኖ ቢከለል ነገ ጥበቃው «ቀፎ ማን ስቀል አለህ?» ብሎ የሚያባርረው ሻይ አልሚውን ብቻ አይደለም። ስለዚህ አቤቱታችሁ የማኅበረሰብ ደን ሆኖ የይዞታ ማረጋገጫ እንዲሰጣችሁ፣ የማርና የኮረሪማ አጠቃቀማችሁም በአስተዳደር ዕቅዱ ውስጥ እንዲሰፍር ይጠይቅ። ምሳሌው ሩቅ አይደለም። እዚያው ጎረቤታችሁ ከፋ፣ ቦንጋ ላይ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነዋሪው ከመንግሥት ጋር ሆኖ ደኑን የሚያስተዳድርበት አሳታፊ የደን አስተዳደር ተሞክሯል፤ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ይዞታችሁ በማስረጃ ከተያዘ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ቢወሰድ እንኳ በአዋጅ 1161/2011 የካሳ ጥያቄ የምታነሱበት መሠረት ይኖራችኋል። ያለ ማስረጃ ግን «የአያቶቻችን ነው» ማለት ብቻ ይቀራል።

ማስረጃውስ ከየት ይመጣል? ከቀፎው! በእናንተ አካባቢ «ኮቦ» የሚባል ነባር ሥርዓት አለ፤ የትኛው ቤተሰብ በየትኛው የደን ክፍል ቀፎ እንደሚሰቅል ሽማግሌዎቹ በቃላቸው ያውቃሉ። አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ ከሽማግሌ ጋር ይውጣ። ቀፎ ያለበት ዛፍ ሥር ቆሞ ፎቶ ያንሳ፣ የቦታውን ጂፒኤስ ቁጥር ይመዝግብ፣ የባለ ቀፎውን ስምና ቀፎውን ከማን እንደወረሰው ይጻፍ። ወንዙ፣ ገደሉ፣ መንገዱ በስሙ ይጠራ። ይህ ሥራ ሁለት ሳምንት ቢፈጅባችሁ ለኔ ከሌላ 600 ፊርማ ይበልጥብኛል።

«ሸካ በዩኔስኮ ስለተመዘገበ ማንም አይነካውም» የሚል ነገርም በደብዳቤያችሁ መጨረሻ አይቻለሁ። ልክ ነው፣ የሸካ ደን በ2004 በባዮስፌር ሪዘርቭነት (ተፈጥሮ ከነዋሪው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት አካባቢ ሆኖ) ተመዝግቧል፤ የከፋውም ከሁለት ዓመት ቀድሞ። ምዝገባው ክብር ነው፣ በራሱ ግን መጋዝ አያስቆምም። ባዮስፌር ሪዘርቭ በሦስት ይከፈላል፦ ጥብቅ የሆነው እምብርት፣ ዙሪያውን የሚከልለው መካከለኛ ክፍልና እርሻና ልማት የሚካሄድበት የውጭው ክፍል። እምብርቱ በአገሩ ሕግ የተጠበቀ መሆን እንዳለበት የዩኔስኮ የራሱ ማዕቀፍ ይደነግጋል። ደናችሁ በየትኛው ክፍል እንደወደቀ ካርታውን ጠይቁ። እምብርቱ ውስጥ ከሆነ ትልቅ መከራከሪያ አገኛችሁ፤ የውጭው ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን የዩኔስኮን ስም ብዙ አትጥሩ፣ ይመለስባችኋል።

ካርታውንና መሬቱ ለማን ሊሰጥ እንደታሰበ የሚያሳየውን ሰነድ በጽሑፍ ጠይቁ። በአዋጅ 590/2000 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመረጃ ጥያቄ ሲቀርብለት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ዝም ካለ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። በዚያው ደብዳቤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው፣ ማለትም ልማቱ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን አስቀድሞ የሚመዝነው ጥናት፣ እንዲታያችሁም ጠይቁ። በ1995 የወጣው አዋጅ 299 ግምገማው ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡ እንዲጠየቅ ይደነግጋል። ወሬ እያሳደዱ ከመክረም አንድ ደብዳቤ ይሻላል።

ወደ ወረዳው ኃላፊ ንግግር ስመለስ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት የሚሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። ማኅበር፣ ማኅተም፣ ፈቃድ አይልም። አንድ ሰውም 640 ሰውም አቤቱታ ያቀርባል። እሱ ብቻ አይደለም። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። «ሊያደርስ በሚችል» የምትለዋን አስምሩባት፤ ዛፍ እስኪወድቅ መጠበቅ የለባችሁም። ይህ መብት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኬንያ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1989 በኡሁሩ ፓርክ ሊሠራ የታቀደውን ፎቅ ለማስቆም ብትከስ፣ ፍርድ ቤቱ ለመክሰስ የሚያበቃ መብት የለሽም ብሎ ዘግቶባታል። እኛ ዘንድ ያ በር በሕግ ተከፍቷል።

ቀኑን ግን ቁጠሩ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ወስኖ ካልረካችሁ፣ ፍርድ ቤት የምትሄዱት በ60 ቀን ውስጥ ነው። 60ው ቀን የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ቀን ካለቀበት ዕለት ነው። «እስቲ ሌላ ስብሰባ እንጥራ» ሲባል ሁለት ወር ሳይታወቅ ያልፋል። ተከራካሪው ጠበቃ ደግሞ «ይህ አዋጅ የብክለት ነው፣ ደን መመንጠር ብክለት አይደለም» ማለቱ አይቀርም። መልሱ አንቀጹ ራሱ ነው፤ የሚናገረው በአካባቢ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ነው። ማንን እንደምትከሱም አስቡበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የአገር ውስጥ ድርጅት ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች መበከል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ከሶ አልተሳካለትም። ጉዳት አድራሹን ትቶ ተቆጣጣሪውን ብቻ መክሰስ አስቸጋሪ እንደሆነ ከዚያ ጉዳይ ተምረናል።

ሰልፉን በተመለከተ፣ በገበያ ቀን ገበያው ውስጥ አይሆንም። አዋጅ 3/1983 በገበያ ቀን በገበያ ቦታ ሰልፍ ማድረግን ይከለክላል፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድም 100 ሜትር መራቅ አለባችሁ። 48 ሰዓት አስቀድማችሁ በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ፤ ማሳወቅ እንጂ ማስፈቀድ አይባልም። ጊዜው ወይም ቦታው ይቀየር የሚል ሹም በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይነግራችኋል። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ በተግባር እንዴት እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ሰልፉን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ደኑ ውስጥ መኪና ማገድ፣ መጋዝ መንጠቅ የሚባለውን ጨርሶ አታስቡት። አንድ ጎረምሳ በግርግር ከተያዘ የደኑ ጉዳይ ቀርቶ የዋስትና ጉዳይ ትሯሯጣላችሁ። ሕገ ወጥ ቆረጣ ካያችሁ በስልክ ቀርጻችሁ፣ ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ለፖሊስ አመልክቱ።

ገንዘቡን በግለሰብ ሒሳብ አትቀበሉ። ዕድርና ዕቁብ በሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ 1113/2011 እንዲመዘገቡ አይገደዱም፤ በዕድራችሁ ተሰብስባችሁ መምከር፣ ቃለ ጉባኤ መያዝና ተወካይ መምረጥ ትችላላችሁ። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ካለ ግን በክልሉ ማኅበር አስመዝግባችሁ፣ በማኅበሩ ስም ሒሳብ ከፍታችሁ ይሁን። ልጁ እስከዚያ መርዳት ከፈለገ ስልክ የሌላቸው ወጣቶች ደኑን የሚመዘግቡበት አንድ ስልክ ይግዛላቸው።

የአዲሱ ወረቀት ራስጌ እንዲህ ይሁን፦ «ለክልሉ … ቢሮ። ቀን …። እኛ ከታች የፈረምን የ… ቀበሌዎች ነዋሪዎች፣ በሰሜን … ወንዝ፣ በምሥራቅ … የሚያዋስነውና በአባሪ ካርታ የተመለከተው … የተባለው ነባር የተፈጥሮ ደን በአዋጅ 1065/2010 መሠረት ወሰኑ ተከልሎ በማኅበረሰብ ደንነት እንዲመዘገብልን፣ ጥያቄያችን እስኪወሰንም ለሌላ አገልግሎት እንዳይሰጥ እናመለክታለን።» ይህ ራስጌ በእያንዳንዱ ገጽ ይደገም፤ አለዚያ ፊርማው ለሌላ ጉዳይ የተሰበሰበ ነው መባሉ አይቀርም። የድሮውን ወረቀት አትጣሉት፣ አባሪ አድርጉት።

ስታስገቡ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ አቤቱታውን በወቅቱ አስገብቶ ሳለ «አልደረሰንም» ተብሎ ጊዜ አልፎበታል፤ በእጁ የቀረው ማኅተም የሌለው ፎቶ ኮፒ ብቻ ነበር። መዝገብ ቤት አልቀበልም ካለ በአደራ ፖስታ ላኩና ደረሰኙን ያዙ። ከተቀበላችሁ ደግሞ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥሩ ሳይጻፍና ቀን ያለበት ማኅተም ሳይመታ ከመስኮቱ አትራቁ፤ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በምታስገቡት አቤቱታ ላይ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው።