ለልጆቻችን የተመደበውን ድጋፍ ከየት እንጠይቅ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በደሴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ በችግረኛ ተማሪዎች ድጋፍ ኮሚቴም አገለግላለሁ። ድህነት ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድባቸው የኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለማስተማር ድጋፍ ስለሚያገኙበት መንገድ የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። የመጡትን እነሆ።

ጥያቄ (ሸዋ በር፣ ደሴ)፦ እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችኝ፤ እኔም እያጠብሁ ሦስት ልጆች አሳድጋለሁ። ደብተር ሲያልቅባቸው ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስም ጠሪ መምህራቸውን አግኚ። ልጅ የቀረበትን ቀን የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ለኮሚቴው ስም የሚያቀርበውም ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ደብተርና ዩኒፎርም የሚታደለው ትምህርት ሲከፈት ነው፤ ስም የሚጻፈው ግን ቀደም ብሎ፣ በምዝገባ ሰሞን ነው። ጥቅምት ላይ የመጣች እናት የሚደርሳት የተረፈው ብቻ ነው። ይህ ያንገበግበኛል፤ ዘግይታ የምትመጣው ሁልጊዜ ከሁሉም ይልቅ የተቸገረችው ናትና።

ከዚያ ወደ ቀበሌ ሂጂ። የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም መንግሥት ለችግረኛ የከተማ ቤተሰቦች የሚሰጠው ድጋፍ፣ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር አንዷ ደሴ ነበረች። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፤ አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ጽኑ ሕመምተኛ ብቻ ያለበት ቤት ደግሞ ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ምልመላው የሰፈር ሰው ባለበት ኮሚቴ የሚካሄድ ስለሆነ፣ መልማዮቹ ሲመጡ አንቺ ሰው ቤት እያጠብሽ ከሆነ ስምሽን የሚያነሳ ጎረቤት ያስፈልግሻል። አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሳትመለመዪ ከቀረሽ ቅሬታሽን በጽሑፍ አስገቢ። እግረ መንገድሽን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንንም ጠይቂ፤ መክፈል ለማይችሉ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ሲኖር ከትምህርት የምትቀረው አስታማሚዋ ልጅ ናት።

እናቶቻችን ችግርን ዋጥ አድርጎ መኖርን አስተማሩን፤ ክብር አለው። ነገር ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም እነርሱው ናቸው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ መዋጮ ካልከፈልህ ልጅህ ክፍል አይገባም ተባልሁ። ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። የመንግሥት ትምህርት ቤት መዋጮ የወላጆች ስምምነት እንጂ የትምህርት ክፍያ አይደለም። ጉዳዩን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ያቅርቡ፤ ካልሰሙዎት የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 የተጻፈ ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ 16 ዓመቴ ነው። ቤተሰቤን ለመርዳት ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቼ ማታ ልማር ወይስ ትምህርቴን ላቋርጥ?

መልስ፦ ልጄ፣ ማቋረጥን ከሐሳብሽ አውጪው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት ጀምሮ መቀጠርን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን 18 ያልሞላውን ሰው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ማሠራት ክልክል ነው። ከመፈረምሽ በፊት ፈረቃሽን በትክክል እወቂ። በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ፈረቃና የማታ ትምህርት አይስማሙም፤ ጎበዝ ልጆች አንድ ሳምንት እየተማሩ አንድ ሳምንት እየቀሩ በፈተና ሲወድቁ አይቻለሁ። በእኔ እምነት መጀመሪያ ወላጆችሽ ከላይ የጻፍሁትን የቀበሌ ድጋፍ በከተማችሁ ይጠይቁ፤ ሥራው የግድ ከሆነ ክረምቱን ተጠቀሚበት።

ጥያቄ (ደሴ)፦ የልጅ ልጄ 12ኛ ክፍል ልትፈተን ነው። ብታልፍ የዩኒቨርሲቲውን ዕዳ ማን ይከፍልልናል?

መልስ፦ እማማ፣ ዕዳው እርስዎ ላይ አይወድቅም። የወጪ መጋራት ደንቡ ተማሪዋን ስትገባ ውል ያስፈርማታል፤ የምትከፍለው ተመርቃ ገቢ ስታገኝ ነው። አሁን የሚያስጨንቀው የመጓጓዣው፣ የብርድ ልብሱና የሳሙናው ገንዘብ ነው፤ ለእርሱ ዕድርዎን ከወዲሁ ያማክሩ። 50 በመቶ ባታመጣም በር አልተዘጋባትም፤ የማካካሻ (ሪሚዲያል) ትምህርት ካለ ትጠይቅ፣ እዚሁ ደሴም ወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ አለ።

ጥያቄ (መምህር፣ ደሴ)፦ ድጋፍ የሚያገኙትን በሰልፍ ላይ ስም እየጠራን ደብተር እንሰጣለን። አንዳንዶቹ አይወጡም። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባካችሁ ይህን ተዉ። የ14 ዓመት ልጅ በጓደኞቿ ፊት በድህነቷ ስትጠራ ጫማዋን እያየች ቆማ ትቀራለች። መዝገቡ ላይ «አልቀረበችም» ተብሎ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ስሟ ይሰረዛል። መማሪያ መጽሐፍ ሁሉም ተማሪ በየተራ ከንብረት ክፍል ይወስድ የለም? ደብተሩን ከመጽሐፎቹ መካከል አድርጋችሁ ያን ጊዜ ስጡ። ዝርዝሩን አንድ መምህር ብቻ ይያዘው፤ ክፍል ስታልፍም ለቀጣዩ ስም ጠሪ በእጁ ያስረክብ።