ነጭ ክሎቨር በግቢ ሣር ላይ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሆጤ አካባቢ 60 ካሬ ሜትር የሚሆን የግቢ ሣር አለኝ። መሐሉ እየሳሳ አፈሩ መታየት ጀምሯል። ዘመድ ከውጭ የነጭ ክሎቨር ዘር አምጥቶልኛል። ሣሩን ነቅዬ ልዝራው ወይስ ላዩ ላይ ልበትነው? ምን ያህልስ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይንቀሉት። ነጭ ክሎቨር የማገጥ ዘመድ የሆነ፣ መሬት ላይ እየተሳበ የሚያድግ ተክል ነው። ክሎቨር ብቻውን የያዘው ግቢ በበጋ ሲሳሳ ባዶ አፈር ይቀራል፤ ሣር ካለበት ግን አንዱ የለቀቀውን ሌላው ይሸፍናል። ሣር ላይ ሲበተን በካሬ ሜትር 2 ግራም ስለሚበቃ ለእርስዎ 120 ግራም ማለት ነው። ባዶ መሬት ቢሆን ኖሮ ከ4 እስከ 5 ግራም ያስፈልግ ነበር። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ አንዱ ፍሬ የጤፍን ሁለት እጥፍ ቢመዝን ነው፤ እንዲሁ በእጅ ከተበተነ አንዱ ቦታ ይከመርና ሌላው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በመጠን አሥር እጥፍ ከሚሆን ደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቀው ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በወርድ ይበትኑ።

ከዚያ በፊት ሣሩ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይታጨድና አፈሩ እስኪታይ ድረስ በብረት ሬክ ይጫር። ዘሩ ከተበተነ በኋላ የጤፍ ማሳ በከብት እንደሚረገጠው ይረገጥ፤ ግቢ ውስጥ የሰው እግር ወይም ጣውላ ይበቃል። የሚለብሰው አፈር ወይም የተነፋ ኮምፖስት ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። አንድ ሳንቲ ሜትር ካለፈ ብዙው ዘር ጉልበቱን አፈር ውስጥ ጨርሶ ይቀራል።

ጊዜው ለደሴ የሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ነው፤ መሬቱ ርሶ ሙቀቱም ገና አለ። ደሴ ውስጥ ግን ሜዳ የሆነ ግቢ ማግኘት ራሱ ዕድል ነው። ተዳፋት ከሆነ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ዘሩን ጠርጎ ቦይ ውስጥ ይከምረዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በሬክ የሚጫረው ወደ ታች ሳይሆን ተዳፋቱን አግድም ነው፤ ላዩ ላይም አፈሩ በመጠኑ እስኪታይ ድረስ ስስ የጤፍ ጭድ ይነስነስ።

ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይበቅላል። መጀመሪያ ሁለት ሞላላ ቅጠሎች፣ ቀጥሎ አንድ ክብ ቅጠል ብቻ ይወጣል። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚታወቀው ቅጠል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ አረም ነው ብለው እንዳይነቅሉት።

ጥያቄ፦ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ነኝ። ክሎቨሩ ጥሩ በቅሎ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ግን ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። ዩሪያ ብጨምርበት ሣሩ ገነነና ክሎቨሩ ጭራሽ ጠፋ። ባለፈው ዓመት ለባቄላ የተገዛ የሕያው ማዳበሪያ ከረጢት ቤት አለ፤ እሱን ልጠቀም?

መልስ፦ የባቄላው አይሠራም፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው የባቄላ ባክቴሪያ ነው። ክሎቨር ናይትሮጅን ከአየር የሚያገኘው ሥሩ ላይ በሚኖር ባክቴሪያ በኩል ነው። የባቄላው ባክቴሪያ ከባቄላ፣ ከአተርና ከምስር ጋር ይስማማል እንጂ ክሎቨር ላይ ፋይዳ የለውም። የአኩሪ አተሩም እንደዚያው ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላ ነገር አለ። የወሎ መስክ ማገጥ ሞልቶበታል፣ ማገጥ ደግሞ የክሎቨር ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ባክቴሪያው አፈሩ ውስጥ አለ ተብሎ ይታሰባል። በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን የአገራችንን ማገጥ የለመደው ባክቴሪያ ከውጭ የመጣው ነጭ ክሎቨር ሥር ውስጥ ገብቶ ዕባጭ ቢሠራም ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅን አይሰጠውም። ተክሉ እየመገበው በምላሹ የሚያገኘው ነገር የለም።

ስለዚህ ከመገመት ይልቅ ይፈትሹ። አንድ ተክል ከነአፈሩ በማንኪያ ያውጡና ሳይጎትቱ ሳፋ ውስጥ ይንከሩት፤ ከተጎተተ ዕባጮቹ ተቆርጠው ይቀራሉ። አፈሩ ከለቀቀ በኋላ ከቀጫጭን ሥሮቹ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክለውን ዕባጭ በጥፍርዎ ሰንጥቀው ይዩት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ይሠራል፣ የቢጫው ምክንያት ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ውሃ የሚተኛበት ጭቃ ይሆናል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ዕባጭ ጭራሽ ከሌለ፣ ለክሎቨሩ የሚሠራ ባክቴሪያ የለም ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ባክቴሪያ ተለብጦበት የሚሸጥ ዘር መግዛት ነው፤ ቀኑ ያላለፈበት መሆኑን ይዩ፣ ልባጡም ስለሚመዝን መጠኑን በግማሽ ይጨምሩ። ሁለተኛው ሮዝ ዕባጭ ያለው ጤነኛ ነጭ ክሎቨር ካለበት ግቢ አፈር ማምጣት ነው። ከላይኛው 10 ሳንቲ ሜትር የተወሰደ አንድ ባልዲ አፈር ለ10 ካሬ ሜትር ይበቃል። ፀሐይ ባክቴሪያውን ስለሚገድለው አመሻሽ ላይ ይበተንና ወዲያው በሬክ ተደባልቆ ውሃ ይጠጣ።

ዩሪያውን ይተዉት። ናይትሮጅን ሲበዛ ሣሩ ይረዝምና ክሎቨሩን ያጠላበታል። ክሎቨር የሚፈልገው ፎስፈረስ ነው፤ ከመዝራት በፊት በካሬ ሜትር 10 ግራም ኤንፒኤስ ማዳበሪያ አንድ ጊዜ ከአፈሩ ጋር ከተደባለቀ ይበቃል። እሱም ውስጥ 19 በመቶ ናይትሮጅን ስላለ በየወሩ የሚጨመር አይደለም።

ጥያቄ፦ በመስከረም ከመስክ ማገጥ ነቅለን ግቢ ተከልን። በኅዳር ደረቀ። ውሃ አንሶት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በየመስኩ የምናየው ማገጥ አብዛኛው የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ አብቦ ዘሩን ሲጥል ዕድሜው ያበቃል። ነጭ ክሎቨር ግን ግንዱ መሬት ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰድዳል። ግንዱን ቀና ሲያደርጉት ከአንጓው ላይ ሥር ተያይዞ ካልመጣ እሱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻም ይሆናል?

መልስ፦ ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ በ1,850 ገደማ። ልዩነቱ ለክሎቨር ትልቅ ነው፤ ሥሩ ላይ ላዩን ስለሆነ የግንቦትንና የሰኔን ሙቀት አይችለውም። ሙሉ ግቢ አይዝሩ። ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያገኘውን የቤቱን ምሥራቃዊ ጎን ይምረጡና ከሰርዶ ጋር ደባልቀው ይያዙት፤ ሰርዶው ሙቀቱን ይችላል፣ ክሎቨሩ በክረምት ያገግማል። በበጋ በሳምንት ለካሬ ሜትር 20 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፣ ለሁለት ተከፍሎ። ለ40 ካሬ ሜትር 4 በርሜል መሆኑ ነው። የቧንቧ ውሃዎ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ሰርዶውን ብቻ ቢያሳድጉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ግቢያችን ሁለት በጎች አሉ፣ ልጆችም በባዶ እግራቸው ይጫወታሉ። በጎቹ ክሎቨሩን ቢግጡት ምን ችግር አለው? ንቦቹንስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም። በጉ የራበው ሆኖ፣ ክሎቨሩ ጤዛ ወይም ዝናብ የነካው ሲሆን ነው አደጋው። ሆዱ ውስጥ አረፋ የሆነ ጋዝ ይፈጠራል፣ ማግሳት ያቅተዋል፣ የግራ ጎኑ ይነፋል፤ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አጭዶ ጠውለግ ሲል ከገለባ ጋር መስጠት ይሻላል፤ ክሎቨሩ ከዕለቱ መኖ ሲሶ አይለፍ። ጎኑ ሲነፋ ካዩ ነገ ይሻለዋል ብለው ሳያሳድሩ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ንብ የሚመጣው ለአበባው ነው። ልጆች የሚሮጡበትን ቦታ በየሁለት ሳምንቱ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይጨዱት፤ ከ4 በታች ካወረዱት ግንዱ ይጋለጥና ይደርቃል። አበባው በብዛት ሲወጣ በየሳምንቱ ማጨድ ሊያስፈልግ ይችላል። ከአጥር ሥር ያለውን ለንቦቹ ይተዉላቸው፤ ጎረቤትዎ ቀፎ ካለው ይመርቅዎታል። ሌላ አረም አየሁ ብለው ግን ቱፎርዲ የተባለውን የአረም መድኃኒት እንዳይረጩ፤ ቅጠለ ሰፊውን ስለሚያጠቃ ሣሩን ትቶ ክሎቨሩን ይጎዳዋል።