«ክሮም ስንት ብር ነው?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በፋየርፎክስ ፎርም ልትሞዪ ገብተሽ «ይህ ዌብሳይት የሚሠራው በክሮም ብቻ ነው» አለሽ። ፋየርፎክስ ጊዜው አልፎበታል ወይ ነው ጥያቄሽ። ከላይ የመለሱልሽ ልጆች «ክሮም ጫኚና ተገላገይ» ብለዋል። መገላገሉንስ ትገላገያለሽ። ግን ብራውዘርሽ፣ ማለትም ዌብሳይት የምትከፍችበት ፋየርፎክስ፣ ምንም አልሆነም። እንዲህ በድፍረት የምነግርሽ ያንን መልእክት ራሴ ጽፌው ስለማውቅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የሥልጠና ማዕከል የመመዝገቢያ ዌብሳይት ሠራሁ። ጊዜ አልነበረኝም። የሞከርኩት በራሴ ላፕቶፕ፣ ያውም በክሮም ብቻ። በሌላው ቢበላሽብኝስ ብዬ ፈራሁና አራት መስመር ኮድ ጨመርኩ። የሚገባው ብራውዘር ስሙ ውስጥ «ክሮም» የሚል ከሌለ ፎርሙን አታሳየው፣ «እባክዎ ክሮም ይጠቀሙ» በለው። ከዚያ የሰላም እንቅልፍ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ደወሉ። ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ክሮም የምትሉት ስንት ብር ነው?»

የመመዝገቢያ ክፍያ መስሏቸዋል። ነፃ ነው እናቴ፣ ከፕሌይ ስቶር ያውርዱት አልኳቸው። ሞከሩ፣ ስልካቸው ሞልቷል፣ ፎቶ ካልጠፋ አይጭንም። የልጅ ልጃቸውን የክርስትና ፎቶ ያጥፉ ልበላቸው? ሲጠቀሙ የነበሩት ኦፔራ ሚኒ የሚባለውን ብራውዘር ነው። ካርድ ይቆጥባላ! ገጹን መጀመሪያ በኦፔራ ኩባንያ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ያዘጋጅና ጨምቆ ነው ወደ ስልክ የሚልከው። ሜጋባይት እየቆጠረ ለሚገዛ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ማታ አራቷን መስመር አጥፍቼ ዌብሳይቱን በኦፔራ ሚኒ ከፈትኩት። የተበላሸው የልደት ቀን መምረጫው ካሌንደር ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ይሠራል። ካሌንደሩን አውጥቼ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት ሳጥን አደረግኩት። ለነገሩ ካሌንደሩ የፈረንጅ ስለነበር በክሮም የገባውም ሰው የልደት ቀኑን በጣቱ ሲያሰላ ነበር የሚቆየው።

ስሙ ውስጥ ያልኩት ዩዘር ኤጀንት የሚባለውን ነው። ብራውዘር ገጽ በጠየቀ ቁጥር ራሱን የሚያስተዋውቅበት አንድ መስመር ጽሑፍ አብሮ ይልካል። ዘበኛ በር ላይ መታወቂያ እንደሚያየው ነው። ይህ መታወቂያ ግን ከድሮ ጀምሮ ውሸት የበዛበት ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ኔትስኬፕ የሚባለው ብራውዘር ራሱን «ሞዚላ» እያለ ያስተዋውቅ ነበር። ዌብሳይቶች ደህና ደህናውን ገጽ ለሞዚላ ብቻ መስጠት ሲጀምሩ የማይክሮሶፍቱ ብራውዘር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም «ሞዚላ ነኝ» አለ። ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ የክሮምን መታወቂያ ብታነቢው በሞዚላ ይጀምራል፣ የአፕልን ሞተር ዌብኪትን ይጠራል፣ «እንደ ጌኮ» ይላል፣ ከዚያ የራሱን ስም ይናገራል፣ በአፕል ብራውዘር በሳፋሪ ይጨርሳል። ጌኮ ማለት የፋየርፎክስሽ ሞተር፣ ገጹን አንብቦ ስክሪን ላይ የሚያሳየው ክፍል ነው። አንቺን በር ላይ የመለሰሽ ዘበኛ ያስገባው ክሮም በአንቺ ሞተር ስም ጭምር ይምላል ማለት ነው።

በዚህ ጣጣ ትልልቆቹም ተቸግረዋል። ኦፔራ በፈረንጆቹ 2009 ቨርዥን 10ን ሲያወጣ፣ አንዳንድ ዌብሳይት የመጀመሪያዋን አሃዝ ብቻ አንብቦ «ቨርዥን 1 ነህ» ይለው ስለነበር መታወቂያው ላይ 9.80 ብሎ ጻፈ። ፋየርፎክስ 110 ሲደርስ ደግሞ መታወቂያው ውስጥ ካሉት ቁጥሮች አንዷን፣ መጀመሪያዋ ላይ 11 አይተው፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 ናት ብለው የሚያነቡ ዌብሳይቶች ተገኙ። ስለዚህ ያቺን ቁጥር እስከ ፋየርፎክስ 119 ድረስ 109 ላይ አቆሟት። ቪቫልዲ የሚባለው ብራውዘር ደግሞ የባሰ ነው። ሞተሩ ከክሮም ጋር አንድ ሆኖ ሳለ በስሙ ብቻ ሲባረር ኖሮ በፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ ላይ ስሙን ከመታወቂያው አወጣ። ወዲያው ክሮም ነህ ግባ ተባለ።

ወደ አንቺ ልመለስ። መጀመሪያ ፋየርፎክስሽን አፕዴት አድርጊ። በጣም ያረጀ ከሆነ ዌብሳይቱ እውነቱን ሊሆን ይችላል። አፕዴት ሆኖም ያው ከሆነ ዩዘር ኤጀንት የሚቀይር አድኦን (ፋየርፎክስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ጫኚ፣ «ክሮም» የሚለውን ምረጪና ገጹን ሪፍሬሽ አድርጊው። እኔ ከሞከርኳቸው ዌብሳይቶች አብዛኞቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ነው የተከፈቱት። ለዚያ ዌብሳይት ብቻ ግን አድርጊው። ሁላችንም ሁልጊዜ ክሮም ነን ካልን፣ የዌብሳይቱ ባለቤት በየብራውዘሩ የገባውን ሰው ቁጥር ያይና «ፋየርፎክስ የሚጠቀም ሰው የለማ!» ይላል።

ክፍያ ካለበት ግን አትሞክሪው። ብሩ ተቆርጦ ደረሰኙ ሳይመጣ ቢቀር ለማን አቤት ትያለሽ? ለእሱ ክሮምን ክፈቺና ጨርሰሽ ዝጊው። በስልክ ለሚያነቡኝ፣ ሜኑ ውስጥ «ዴስክቶፕ ሳይት» የሚለውን ምልክት ማድረግ አንዳንዴ ይሠራል፣ እሱም መታወቂያውን ስለሚቀይር ነው። ኦፔራ ሚኒ ላይ የዳታ ቁጠባው «ኤክስትሪም» ላይ ከሆነ ዝቅ አድርጉት፣ ብዙ ፎርም በእሱ ይሰናከላል።

ከዚያ ለዌብሳይቱ ሰዎች ጻፊላቸው። «አይሠራም» ብቻ ካልሽ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም፣ እኔም አላይሽም ነበር። የብራውዘሩን ቨርዥን፣ ስክሪንሾት፣ ዋናው ደግሞ «ስሙን ስቀይረው ያለ ችግር ሠርቷል» የሚለውን ጨምሪበት። ለእሷ ዌብሳይቱን የሠራው ዴቨሎፐር መልስ የለውም።

ስሙን ቀይረሽም እምቢ ካለሽ አድራሻውን በውስጥ ላኪልኝ። ማታ ቤት ስገባ በእኔው ፋየርፎክስ ከፍቼ የቱ ጋ እንደሚሰናከል አይልሻለሁ።