መልስ፦ በሱዙኪ ቪስትሮም 650 ሞተር ሳይክል ሁለት ሆኖ ከባህር ዳር አዲስ አበባ፣ የኋላ ሳጥን ብቻ ይበቃል ወይ?
ወንድሜ ባለቤትህን ይዘህ ከሆነ አይበቃም፣ የጎኖቹን አስገጥም። መፍቻ ፓምፕ ውሃ ምናምን ሁሉ ኋላ ከፍ አድርገህ ከጫንክ ከሷ ክብደት ጋር ፊቱ ይቀልና ዓባይ በረሃ ኩርባዎቹ ላይ መሪው ይዋልልብሃል፣ እዛ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ቁልቁል የምትወርደው፣ ፍሬን ይዘህ እንዳትወርድ ይግላል፣ ማርሽ ቀንሰህ በሞተሩ ያዘው። ከባድ ከባዱ ጎን ሳጥኖቹ ታች ይሁን፣ ግራና ቀኙ ይመጣጠን፣ ኋላ ያለው ላይ የዝናብ ልብስ ብቻ።

ብዙ ሰው የማይነካት ነገር ደሞ አለች፣ ከወንበሩ ስር በጎን በኩል በእጅ የምትዞር ክብ ነገር፣ የኋላው ሞላ ማጥበቂያ ናት። ሁለት ስትሆኑ ወደ ጠንካራው አዙራት፣ አለበለዚያ ኋላው ይቀመጥና ማታ መብራቱ መንገዱን ትቶ ወደ ላይ ነው የሚያበራው፣ ከፊት የሚመጣውንም ሹፌር ያሳውርብሃል።

ጎማው ካላማዳሪ የለውም፣ ስለዚህ የትዩብለስ መለጠፊያና ትንሽ ፓምፕ ያዝ። ካቴናውን ቀባ። ታንኩ 20 ሊትር ነው ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ሙላ እባክህ።

ከመሄድህ በፊት ሙሉ ጭነትህን ጭነህ ዘጌ ወይ ጢስ ዓባይ ደርሰህ ተመለስ፣ የሳጥን መያዣው ቡሎን የሚላላ ከሆነ እዚሁ ሰፈር ይታወቅ።